እግር ሳይደክም መንገድን ማሰናዳት፦ ከካንሰር ጋር የሚኖሩ ሰዎች የመንቀሳቀስ ጉዳይ ሲዳሰስ

ካንሰር የሰውን የመንቀሳቀስ አቅም የሚነካባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም፣ ስለ በሽታው በአማርኛ የሚጻፈውም ሆነ የሚነገረው በአብዛኛው ቅድመ ምርመራን፣ መድኃኒትንና የሕክምና ወጪን የተመለከተ በመሆኑ፣ ታማሚው ከአልጋው ወደ ደጅ፣ ከቤቱ ወደ ሆስፒታል፣ ከመኝታ ክፍሉ ወደ ሽንት ቤት እንዴት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ችግሩ ደጃፍ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። እዚህ ላይ «መንቀሳቀስ» ሲባል መራመድ ማለት ብቻ አይደለም፤ ከተኙበት መገላበጥ፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ መነሣት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ተሽከርካሪ ላይ መሳፈር፣ በዊልቸርም ቢሆን ወደፈለጉበት መድረስ ሁሉ በዚሁ ውስጥ ይገባል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ለመንቀሳቀስ የሚደረግ ዝግጅት የሚያፈራው ሰው ገና በእግሩ ሳለ ሲጀመር ነው የሚል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሁኔታ ደግሞ መራመድ መቻል የሕክምና ውጤት ብቻ ሳይሆን ወደ ሕክምናው መግቢያ በር መሆኑ ክርክሩን ያጠብቀዋል።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች እንደ አዲስ በካንሰር ይያዛሉ፤ በሴቶች ዘንድ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚቀርቡት በሽታው ከተነሣበት ቦታ አልፎ ከተሠራጨ በኋላ በመሆኑ፣ የአጥንትና የነርቭ ችግር ለእነርሱ የሩቅ ሥጋት ሳይሆን ሕክምናው በተጀመረበት ሰሞን ሊያጋጥም የሚችል ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ የርቀት ነገር ይጨመራል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ ሀገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ፣ በጅማና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ባሉ ሆስፒታሎች የተጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመተማ ወይም ከጂንካ የሚነሣ ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ተገኝቶ፣ ከፍ ያለውን የአውቶቡስ መወጣጫ ተንጠላጥሎ፣ ቀኑን ሙሉ እግሩን አጥፎ ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ሲገባም ማደሪያ ፍለጋ መዞር ይጠብቀዋል። ማቲዎስ ወንዱን በመሳሰሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራት የሚሰጠው የማረፊያ አገልግሎት ለዚህ ችግር የተሰጠ አስተዋይ መልስ ነው፤ ሆኖም አልጋው ከተገኘ በኋላም ከማረፊያው ወደ ሕክምናው መመላለሱ አይቀርም።

መራመድ የሕክምና መግቢያ በር ነው ሲባል አነጋገር ለማሳመር አይደለም። የካንሰር ሐኪሞች የታማሚን አጠቃላይ አቅም ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ «ኢኮግ» የሚባለው ከ0 እስከ 5 የሚደርስ መለኪያ ሲሆን፣ 0 ማለት ሰውየው እንደ ወትሮው ሥራውን ሁሉ የሚሠራ፣ 2 ማለት ሥራ መሥራት ባይችልም ራሱን እየረዳ ከነቃባቸው ሰዓታት ከግማሽ የሚበልጡትን ከአልጋ ውጭ የሚያሳልፍ፣ 3 ማለት በተቃራኒው ከግማሽ የሚበልጡትን በአልጋ ወይም በወንበር ላይ የሚያሳልፍ፣ 4 ማለት ጨርሶ አልጋ የያዘ ነው፤ 5 ሞትን ያመለክታል። የብዙ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ጥቅም የተጠናው በአብዛኛው ከ0 እስከ 2 ባለው አቅም ላይ በነበሩ ሰዎች ስለሆነ፣ 3 ላይ የደረሰ ሰው ከመድኃኒቱ ጥቅሙ ይበልጥበታል ወይስ ጉዳቱ የሚለው ጥያቄ ሐኪሙ እንዲያመነታ ያደርገዋል። እንግዲህ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቶ፣ በዘመድ ትከሻ ተደግፎ የመጣ ሰው በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ከእውነተኛ አቅሙ ዝቅ ብሎ ቢታይ ሊገርም አይገባም። አስታማሚው ታማሚው ባለፈው ሳምንት በቤቱ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን ያህል እንደሚራመድና ምን ያህል እንደሚተኛ በዝርዝር ቢናገር ለውሳኔው ትልቅ እገዛ ያደርጋል፤ ሳይጠየቅ ቢናገርም ነውር የለውም።

የመንቀሳቀስን አቅም በድንገት ከሚነጥቁት ምክንያቶች መካከል በቅድሚያ የሚጠቀሰው የካንሰር ወደ አጥንት መሠራጨት ነው። ከጡት፣ ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊትና ከታይሮይድ ዕጢ የሚነሣ ካንሰር ወደ አጥንት መሄድ ይቀናዋል፤ ማልቲፕል ማየሎማ የሚባለው ከመቅኔ የሚነሣ ካንሰር ደግሞ ከመጀመሪያውም መኖሪያው አጥንት ነው። በዚህ መንገድ የተቦረቦረ አጥንት ጤነኛውን በማይሰብር ጉዳት፣ አንዳንዴም ከወንበር በመነሣት ብቻ ይሰበራል፤ ሐኪሞች ይህን በሽታ ወለድ ስብራት ይሉታል። ጉዳዩ ከዝግጅት ጋር የሚገናኘው ስብራቱ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠረጠር በመሆኑ ነው። ሚረልስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው የነጥብ አሰጣጥ አራት ነገሮችን፣ ማለትም ጉዳቱ ያለበትን ቦታ፣ የሕመሙን ጠባይ፣ በራጅ የሚታየውን የአጥንት መሳሳት ዓይነትና የጉዳቱን ስፋት እያንዳንዳቸውን ከ1 እስከ 3 ይመዝናል። ድምሩ 9 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አጥንቱ ሳይሰበር በፊት በብረት ዘንግ እንዲደገፍ ይመከራል። ከአራቱ ውስጥ ማንኛውም ሰው ያለ መሣሪያ ሊያስተውለው የሚችለው ሕመሙን ነው፤ ክብደት ሲጣልበት የሚብስና ሲያርፉ የሚቀንስ የጭን ወይም የዳሌ ሕመም ከፍተኛውን 3 ነጥብ ያገኛል። ሳይሰበር በፊት የተደገፈ እግርና ከተሰበረ በኋላ የሚጠገን እግር በሕመምም ሆነ በማገገም ጊዜ በጣም ይለያያሉ።

እዚህ ላይ በኢትዮጵያ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ የወጌሻ ነው። ወጌሻ ለወለምታና ለቀላል ስብራት የኅብረተሰቡ የመጀመሪያ አለኝታ ሆኖ የኖረና ዛሬም የሚከበር ባለሙያ ሲሆን፣ አንካሳ ያደረገውን ወይም ወገቡን የያዘውን ሰው ቤተሰቡ መጀመሪያ ወደ እርሱ ቢወስደው የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ በፊት ካንሰር እንዳለበት የታወቀ ሰው አጥንት ከታሸ፣ ከተጎተተና በቀርከሃ ተወጥሮ ከታሰረ፣ የሳሳው አጥንት እዚያው በወጌሻው እጅ ላይ ሊሰበር ይችላል። አስተዋይ ወጌሻ «ሌላ ሕመም አለህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን መስማት ይገባዋል፤ የካንሰሩ ነገር ከእርሱም ተደብቆ ከሆነ ግን ጥፋቱ የወጌሻው አይሆንም።

ከአጥንት ስብራት ይልቅ ጊዜ የማይሰጠው ደግሞ የኅብለ ሰረሰር መታፈን ነው። ኅብለ ሰረሰር በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚያልፍ፣ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝን፣ ከእግር ወደ አንጎል ስሜትን የሚያመላልስ የነርቭ ገመድ ሲሆን፣ ወደ አከርካሪ የተሠራጨ ካንሰር ሲጫነው እግር ይዝላል፣ ይደነዝዛል፣ በመጨረሻም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ያቅታል። ይህ ሁሉ ከመድረሱ በፊት በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ የጀርባ ሕመም ይቀድማል፤ ሕመሙ ለቀናት፣ ብዙ ጊዜም ለሳምንታት የሚቆይ፣ ሲተኙ የሚብስ፣ ሲያስሉና ሲያምጡ የሚወጋ፣ አንዳንዴም ደረትን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚያጠብቅ ነው። በሀገራችን የጀርባ ሕመም «ብርድ ነው» ወይም «ኩላሊት ነው» ተብሎ በቀላሉ ስለሚታለፍ፣ ማስጠንቀቂያው የተሰጠበት ጊዜ በከንቱ ይባክናል። የሕክምናው ዓለም በዚህ ነጥብ ላይ ብዙም አይለያይም፦ ሕክምናው ሲጀመር መራመድ ይችል የነበረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መራመዱን ይቀጥላል፤ እግሩ ሙሉ በሙሉ ከዛለ በኋላ የደረሰ ሰው ግን እንደገና የመቆም ዕድሉ አነስተኛ ነው።

የሚለያየው በሕክምናው ዓይነት ላይ ነው። ፓቼልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት፣ 101 ሰዎችን ባሳተፈ ጥናት፣ ቀዶ ሕክምናና ጨረር በአንድነት ካገኙት 84 በመቶው ከሕክምናው በኋላ መራመድ ሲችሉ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት የቻሉት 57 በመቶው ናቸው። ሆኖም ጥናቱ በጥንቃቄ የተመረጡ፣ ቀዶ ሕክምናን መቋቋም የሚችሉ ሰዎችን የተመለከተ በመሆኑ ውጤቱን ለሁሉም ማዋል አይቻልም፤ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበት ሀገርማ ይልቁንም አይቻልም። ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ስኮራድ የተሰኘው ጥናት ነው። በእርሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ 8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ከተሰጣቸው 69.3 በመቶው፣ በአምስት ቀን ተከፋፍሎ 20 ግሬይ ከተሰጣቸው ደግሞ 72.7 በመቶው ከስምንት ሳምንት በኋላ መራመድ ችለዋል። አጥኚዎቹ አስቀድመው ባስቀመጡት ጥብቅ መስፈርት የአንድ ቀኑ ሕክምና ከአምስት ቀኑ አያንስም ለማለት ባይበቃም፣ ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ ለአጥንት ሕመም ማስታገሻነትም የአንድ ጊዜው ጨረር ከብዙ ጊዜው ጋር ተቀራራቢ እፎይታ እንደሚሰጥ በተደጋጋሚ ታይቷል፣ ሕመሙ ተመልሶ ሌላ ዙር ጨረር የማስፈለጉ ዕድል ከፍ ቢልም። ለአምስት ቀን አዲስ አበባ መቆየት ለማይችል ሰው ይህን ማወቅና ሐኪሙን መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች ቀስ ብለው የሚመጡ በመሆናቸው ለዝግጅት ይበልጥ ይመቻሉ። ፓክሊታክሰል፣ ቪንክሪስቲን፣ ሲስፕላቲን፣ ኦክሳሊፕላቲንና መሰል መድኃኒቶች የእጅና የእግር ነርቮችን ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የጥናቶች ጥንቅር ኬሞቴራፒ ከተጠናቀቀ በኋላ በመጀመሪያው ወር 68 በመቶ በሚሆኑት፣ ከስድስት ወር በኋላም በ30 በመቶው ላይ ጉዳቱ እንደሚታይ አስልቷል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ወለሉን በትክክል ስለማይሰማው በጨለማ ይደናቀፋል፤ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ የወደቀ ፍም ቢረግጥ እንኳ የሚያውቀው ቁስሉን ሲያይ ነው። በበዓል ቀን በሴራሚክ ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ ቄጠማ፣ ከእግር የሚያመልጥ ነጠላ ጫማ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ለጤነኛ ሰው ከምንም የማይቆጠሩ ሁሉ፣ ለእርሱ የመውደቂያ ምክንያቶች ናቸው። እንደ ዴክሳሜታሶን ያሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ደግሞ የጭንና የዳሌ ጡንቻን ስለሚያሳሱ፣ ሰውየው በሜዳ ላይ ደህና እየተራመደ ከበርጩማ ወይም መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ መነሣት ያቅተዋል። ከብብት ወይም ከብሽሽት ንፍፊቶች ከወጡ በኋላ የሚመጣ እብጠት፣ የአንጎል ዕጢ የሚያስከትለው የአንድ ወገን ሽባነት፣ በዕረፍት የማይለቅ ድካም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምዕራፍ ያላቸው ናቸው።

ከሕክምናው ወደ ቤት ሲመጣ ነገሩ የሐኪም መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብና የአናጢ ይሆናል። በአዲስ አበባ ሊፍት በሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ከሦስተኛና ከአራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው አቅሙ እየደከመ ሲሄድ ከቤቱ የሚወጣው በቀጠሮ ቀን ብቻ፣ ያውም በወንበር ላይ ተቀምጦ በአራት ጎረምሳ ተይዞ ይሆናል። የላይኛውን ቤት አከራይቶ ምድር ቤት መከራየት ለብዙ ቤተሰብ ሊሞከር የሚችል መፍትሔ ቢሆንም፣ ውል መፈራረምና ዕቃ ማጓጓዝ ጊዜ ስለሚወስድ የሚሳካው ታማሚው ገና ደረጃ በሚወጣበት ወቅት ከታሰበበት ነው። ለዊልቸር የሚሠራ መወጣጫ በተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይጠይቃል፤ ሦስት ደረጃ ያለው፣ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው በረንዳ ከአምስት ሜትር በላይ መወጣጫ ይፈልጋል ማለት ነው፤ በጠባብ ግቢ ውስጥ ይህን የሚያክል ስፍራ ማግኘት ቀላል አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ያዘዘ ሲሆን፣ የመኖሪያ ቤቱን ጉዳይ ግን ነዋሪው በራሱ ብልሃት እንዲወጣው የተተወ ይመስላል።

ከደረጃው ይልቅ ክብርን የሚነካው ሽንት ቤት ነው። ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ጉልበቱ የደከመ ሰው ወርዶ የማይነሣበት ቦታ ይሆናል። መሐሉ በክብ የተቆረጠ ጠንካራ የእንጨት ወንበር ከጉድጓዱ በላይ ማኖር፣ በግድግዳው ላይ በሚመች ከፍታ የብረት መያዣ ማስመታት፣ ለሌሊት ደግሞ ከአልጋው አጠገብ ፖፖ ማስቀመጥ በጥቂት ወጪ የሚከናወኑ ሥራዎች ናቸው። ወንበሩን ታማሚው ራሱ ተቀምጦ ለክቶ፣ «እዚህ ጋ ከፍ ይበል» ብሎ ለአናጢው ቢያሠራው፣ በኋላ በሌሎች ውሳኔ ከሚገዛለት ዕቃ ጋር አንድ አይሆንም።

መሣሪያዎቹን በተመለከተ ከዘራ የተለየ ቦታ አለው። በኢትዮጵያ ባህል ከዘራ የሽማግሌነትና የክብር ምልክት በመሆኑ ክራንች ለመያዝ የሚያፍር ሰው ከዘራን አይጠላም፤ ይህን ዝንባሌ መጠቀም ብልህነት ነው። ግርማ ሞገስ ታይቶ የተመረጠ ከዘራ ግን ብዙውን ጊዜ ይረዝማል። ለመደገፊያነት የሚያገለግለው፣ ቀጥ ብለው ሲቆሙ እጀታው ከእጅ አንጓ ጋር የሚስተካከለው ነው፤ የሚያዘውም ብዙዎች እንደሚያደርጉት በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በጤነኛው በኩል ባለው እጅ ነው። ዊልቸር ደግሞ ልኬት የሚጠይቅ ዕቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ለተጠቃሚው ሰውነትና ለሚኖርበት አካባቢ የማይስማማ ዊልቸር ጉዳት እንደሚያደርስ አሳስቧል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ የሚላከው ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ፣ የፊት ጎማው ትንሽና ጠንካራ የሆነ ዊልቸር በኮብልስቶን መንገድ ላይ ከሁለት ድንጋይ መካከል ይቀረቀራል፤ መቀመጫው ከሰፋ የከሳ ሰው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ስፖንጁ ከሳሳም መቀመጫው ላይ ቁስል ይወጣል። ለላኪዎቹ የዳሌ ስፋትና የጭን ርዝመት በሳንቲ ሜትር፣ የግቢው መንገድም ዓይነት አብሮ ቢነገራቸው የብዙ ገንዘብና የብዙ ቅሬታ መዳኛ ይሆናል።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ ከማሰናዳት የሚያግደው ዋናው ነገር ገንዘብ ብቻ አይደለም። ገና የሚራመድ ሰው ባለበት ቤት ዊልቸር ማስገባት እንደ ሟርት ይቆጠራል፤ ስለ ነገው ድካም መናገር ድካሙን መጥራት ይመስላል። ከዚህም በላይ ብዙ ቤተሰቦች የበሽታውን ስም ከታማሚው ስለሚደብቁ፣ ዋናው ባለ ጉዳይ በሌለበት ዕቅድ ሊወጣ አይችልም። ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው፣ ይኸው ማኅበረሰብ መርዶን ለመንገር ማን እንደሚሄድ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚነገርና ማን አጠገብ መቀመጥ እንዳለበት በጥንቃቄ ተመካክሮ የሚወስን መሆኑ ነው፤ የመዘጋጀት ባህል ሞልቶ ሳለ የተያዘው ለሞት ብቻ ነው። ጭካኔ ሳይሆን ፍቅር የወለደው ዝምታ መሆኑ ባይካድም፣ ውጤቱ ታማሚው አቅም ባለው ጊዜ ምርጫውን መነጠቁ ነው። ሟርት የሚለውን ስሜት ሳይነኩ ማለፍ ለሚሹ፣ «ለቀጠሮ ቀን፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ» ብሎ ዊልቸርን ማስተዋወቅ የተሻለ መግቢያ ይሆናል፤ ሐሰትም አይደለም።

ዝግጅት ሲባል ደግሞ ድካምን መጠበቅ ብቻ አይደለም። ዲየትዝ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የካንሰር ተሐድሶ ሕክምናን በአራት ዓላማዎች ከፍሎ አስቀምጧል፤ እነርሱም ጉዳት ሳይደርስ መከላከል፣ የጠፋ አቅምን መመለስ፣ ቀሪ ጉዳት ያለበትን መደገፍና በሽታው በገፋ ጊዜ ሥቃይን ማቅለል ናቸው። በመጀመሪያው ዓላማ ሥር የሚወድቀው የአካል እንቅስቃሴ ዛሬ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የባለሙያዎች ምክር በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ30 ደቂቃ ያህል መራመድን የመሰለ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ድካምን እንደሚቀንስ ያመለክታል፤ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥም ጥሩ የጡንቻ ልምምድ ነው፤ የአጥንት ጉዳት ያለበት ሰው ግን ባለሙያ ሳያማክር መጀመር የለበትም። «የታመመ ሰው መተኛት አለበት» ብሎ ከአልጋ እንዳይወርድ የሚከለክል ጠያቂ ክፉ አስቦ ባይሆንም ጉዳት ያደርሳል። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ መንቀሳቀስ ማለት በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎን መቀየር፣ ትራስ ማስተካከል፣ ወደ መስኮት መዞር ይሆናል፤ ይህንም አስታማሚዎች ወገባቸውን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚያደርጉት ቀድሞ የሚያሳያቸው ያስፈልጋል። በቤት ለቤት የማስታገሻ ክብካቤ የሚታወቀው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ይህን ከሚያስተምሩት ጥቂት ድርጅቶች አንዱ ነው።

መሣሪያዎቹን ከየት ማግኘት ይቻላል የሚለው ጥያቄ በየሀገሩ የተለያየ መልስ አለው። በአሜሪካ ለአረጋውያን የተዘረጋው ሜዲኬር ሐኪም ላዘዘው ዊልቸር ወይም መራመጃ የወጪውን 80 በመቶ ያህል ይሸፍናል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው ያድ ሣራ የሕክምና መሣሪያዎችን ለጥቂት ወራት በነፃ ያውሳል፤ አገልግሎቱ ቤተ እስራኤላውያንን ጨምሮ ለሁሉም ነዋሪ ክፍት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ዘገባ ደግሞ በአንዳንድ ድሃ ሀገሮች አጋዥ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጸዋል። ከሦስቱ ለኢትዮጵያ ትምህርት የሚሆነው የያድ ሣራ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ለካንሰር ታማሚ ዊልቸር የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ለወራት እንጂ ለዓመታት ስላልሆነ፣ እያንዳንዱ ቤት ገዝቶ በኋላ በዕቃ ቤት ከሚያስቀምጠው አንዱ ከቤት ቤት ቢዞር ይሻላል።

ለዚህ የሚሆን ተቋም ደግሞ አዲስ መመሥረት አያስፈልግም። ዕድር፣ በወሎ ቅሬ የሚባለው፣ መዝገብ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ዕቃ ቤትና ዕቃ ያዥ አለው፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሰሃኑን ቆጥሮ ያውሳል፣ ቆጥሮ ይረከባል። መኪና በማይገባበት ገጠርም በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ የኖረ የጎረቤት ግዴታ ነው። የዕድር ዳኞች በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንድ ዊልቸር፣ ሁለት ጥንድ ክራንችና አንድ የሽንት ቤት ወንበር በዕቃ መዝገቡ እንዲገቡ ሐሳብ ያቅርቡ፤ ተዋሹም ለመውሰድ ለቅሶ እስኪደርስ እንዳይጠብቅ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ያስጽፉ።